ቅኝትን መቀርቀር

ከቡኮቶ ተነሥቶ በኪራ መንገድ ወደ ከተማው መሐል የሚወርድ መንገደኛ ካምዎኪያ አካባቢ ሲደርስ የኡጋንዳን ሙዚየም ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1908 የተመሠረተው ይህ ተቋም ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስቡ ነው። ኤንዶንጎ በተባለው የባጋንዳ መሣሪያ ፊት የቆመ ኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያሻውም፤ «ይኸማ ክራር ነው» ማለቱ አይቀርም። ሁለት ምሰሶዎች፣ በላያቸው የተጋደመ ቀንበር፣ ከሥር በቆዳ የተለበጠ ገበቴ፤ ሁሉም በየቦታው አለ። የሚለየው ቆዳው የአርጃኖ፣ አውታሩም ስምንት መሆኑ ነው።

ዝምድናው ግን ከዓይን አልፎ ወደ ጆሮ ሲደርስ ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሙዚየሙ ኃላፊ የነበረው ክላውስ ዋክስማን የኤናንጋን፣ ማለትም የባጋንዳን ቀስት አንገት በገና ቅኝት በመሣሪያ ለክቶ፣ ውጤቱን በ1950 «ኔቸር» በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት አውጥቶ ነበር። አንዱ ኦክታቭ እኩል ሊባሉ በሚችሉ አምስት እርከኖች ተከፍሎ ነው ያገኘው። እርከኑ ሁሉ እኩል ከሆነ ደግሞ ዜማው ከየትኛውም አውታር ቢነሣ መልኩ አይለወጥም፤ ተጫዋቹ እጁን ያዛውራል እንጂ አውታሩን አይነካም። በክራር ላይ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። የክራር እርከኖች እኩል አይደሉም፤ የትዝታና የአምባሰል ልዩነትም ያለው በዚሁ እኩል ባለመሆናቸው ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ክሮቹ መላላትና መጥበቅ ግድ ይሆንባቸዋል።

እንግሊዝኛ አውታርን ማስተካከልንና የዜማውን ሥርዓት በሁለት የተለያዩ ቃላት ሲጠራ፣ አማርኛ ሁለቱንም «ቅኝት» ብሎ ያልፋል። ይህ የቃላት ድህነት አይደለም፤ ክራር ደርዳሪው የሚያውቀው እውነት ነው። ለእርሱ ትዝታ ማለት ክሮቹ የተቀመጡበት ሁኔታ ነውና፣ ሁኔታውን ሳይለውጥ ዜማውን ሊለውጥ አይችልም።

ብቻውን እየዘፈነ ለሚደረድር ሰው ይህ ችግር አይሆንም። አዝማሪው መቃኛውን እያዞረ ከታዳሚው ጋር ይቀልዳል፣ ግጥም ይፈትላል፣ ክሩን እየነካ ያዳምጣል፤ የመቃኘቱ ጊዜ ራሱ የጨዋታው አካል ነው። ችግሩ የሚመጣው ክራሩ ከኪቦርድና ከከበሮ ጋር መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ድምፃውያኑም እየተፈራረቁ ሲዘፍኑ ነው። ኪቦርዱ ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር ቅጽበት አይፈጅበትም። ክራሩ ግን ደቂቃዎች ያስፈልጉታል፤ በእነዚያ ደቂቃዎችም ታዳሚው ወደ ወሬው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ክራሩ እንዳይቸገር ተብሎ በአንድ ቅኝት ይታጨቃል፣ ወይ ክራሩ ለጌጥ ተይዞ ኪቦርዱ ሥራውን ይሠራል። ሁለቱም ኪሳራ ነው። የመጀመሪያዋ ተጎጂ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እንደሚታየው፣ አንቺሆዬ ናት።

ይህንኑ የመሰለ ችግር ክራር በማይታወቅበት አገር፣ ከክራር ጋር ምንም በማይመሳሰል መሣሪያ ላይ፣ በጉልበት መፍትሔ ተበጅቶለታል። ጉልበት ሲባል ኃይልን ሳይሆን የእግርን መገጣጠሚያ ነው። መሣሪያው ፔዳል ስቲል ጊታር ይባላል። በስሙ የማያውቀው የካምፓላ ነዋሪ በድምፁ ያውቀዋል፤ በምሥራቅ አፍሪካ ሬዲዮኖች ለብዙ ዓመታት የተሰማው ዶን ዊሊያምስ ሲዘፍን ከኋላው እንደ ሰው ድምፅ እየተንሸራተተ የሚያለቅሰው እርሱ ነው። አፍሪካም የራሷ አድርጋዋለች፤ የናይጄሪያው ኪንግ ሰኒ አዴ በጁጁ ሙዚቃው ውስጥ አስገብቶት፣ ዴሞላ አዴፖጁ ይጫወትለት ነበር።

ስቲል ጊታር ከሃዋይ የመጣ ነው፤ ፈጠራውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለነበረው ለጆሴፍ ኬኩኩ ይሰጣል። ተጫዋቹ ጊታሩን አጋድሞ በግራ እጁ የብረት ዘንግ በአውታሮቹ ላይ ያንሸራትታል፣ በቀኙ ይመታል። ብረቱ ቀጥ ያለ በመሆኑ በእርሱ ሊገኝ የሚችለው ኮርድ አውታሮቹ አስቀድመው የተቃኙበት ብቻ ነው፤ እንደ ክራሩ ሁሉ እርሱም የቅኝቱ እስረኛ ነበር። ፔዳል የተጨመረለት ከዚህ እስራት እንዲፈታ ነው። ፖል ቢግስቢ በ1948 ለስፒዲ ዌስት ፔዳል ያለው ጊታር ሠራለት፤ በድ አይዛክስም በ1953 ከዌብ ፒርስ ጋር ባስቀረጸው ዘፈን ላይ ኮርዱ እየጮኸ ሳለ አውታሩን በፔዳል ሲስበው ሌሎቹ ተጫዋቾች ሁሉ ያንኑ ለማድረግ ተሯሯጡ። ለእግሮቹ የተሰጠው ሥራ ሳይበቃ ጉልበቶችም ተጨመሩ፤ ለዚህም ዜን ቤክ በቀዳሚነት ይጠቀሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጊታሩ ሆድ ሥር ወደ ታች የወረደ ዘንግ አለ። ጉልበት ወደ ጎን ሲገፋው፣ በመሣሪያው ወርድ የተጋደመ ሌላ ብረት ይሽከረከራል፤ በዚያ ብረት ላይ የተተከለች ትንሽ ክንድ ቀጭን ሽቦ ትስባለች፤ ሽቦውም አውታሩ ከተጠመጠመበት ተንቀሳቃሽ ጣት ጋር በመያያዙ ጣቱ ዞሮ አውታሩን ያጠብቃል ወይም ያላላል። ጉልበቱ ሲለቀቅ ስፕሪንግ ሁሉን ወደ ነበረበት ይመልሳል። በሽቦው ጫፍ ላይ አነስተኛ የናይለን ብሎን አለች፤ አውታሩ ሲሳብ የት እንደሚደርስ የምትወስነው እርስዋ ናት። ተጫዋቹ ይህችን ብሎን የሚያስተካክላት በራሱ ጆሮ እያዳመጠ ነው። አንባቢ ይህችን ብሎን ልብ ቢላት መልካም ነው፤ ኋላ ትፈለጋለች።

በዚህ መሣሪያ ላይ ሁለት ታላላቅ ቅኝቶች ነገሡ። አንደኛው ኢ9 የሚባለው የካንትሪ ሙዚቃ ቅኝት ነው፤ ሁለተኛው ለስዊንግና ለጃዝ የተመረጠው ሲ6 ነው። ሁለቱንም የፈለገ ሁለት አንገት ያለው ጊታር ይገዛል፤ አሥር አውታር ከፊት፣ አሥር አውታር ከኋላ። ይህ ሁለት ክራር ይዞ መድረክ እንደ መውጣት ነው፤ ይሠራል፣ ግን ይከብዳል። በዶን ዊሊያምስ ዘፈኖች ላይ የተጫወተው ሎይድ ግሪን ደግሞ ሦስተኛ መንገድ መረጠ፤ የኋለኛውን አንገት አስወግዶ በቦታው የክንድ መደገፊያ አስደረገበት። አንዱን ቅኝት ትቶ በሌላው መራቀቅ ማለት ነው። ግሪን የሠራውን የሰማ ሰው ምርጫውን ለመንቀፍ ይቸገራል፤ ይሁን እንጂ ሁሉም ሎይድ ግሪን አይደለም፣ ትዝታን ብቻ ይዞ አምባሰልን መተውም ለአንድ ሰው ምርጫ ሊሆን ቢችልም ለአንድ ባህል አይሆንም።

ዩኒቨርሳል የሚባለው ባለ አሥራ ሁለት አውታር ጊታር የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሞሪስ አንደርሰንና ጄፍ ኒውማንን የመሳሰሉ ተጫዋቾችና መምህራን የተሟገቱለት ሐሳብ ሁለቱ ቅኝቶች እንደሚመስለው የተራራቁ አይደሉም የሚል ነው። ኢ9 ውስጥ ያሉት የኢ አውታሮች በግማሽ ድምፅ ወርደው ዲ ሻርፕ ቢሆኑ፣ ቀድሞ ከነበሩት ቢ፣ ኤፍ ሻርፕና ጂ ሻርፕ ጋር ሲቆጠሩ የቢ6 ኮርድ ይሆናሉ። ቢ6 ማለት ደግሞ ሲ6 በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ነው። ሁለቱን አንገቶች የለያያቸው፣ ሲጠቀለል፣ የአንድ ድምፅ ግማሽ ነው! ዋጋ ግን አለው፤ በኢ9 ላይ የነበረው የዲ አውታር ቦታውን ይለቅና በሌላ ዘንግ መፈለግ ይኖርበታል።

እንግዲህ ተጫዋቹ አንድ ሙሉ የጃዝ ዘፈን በቢ6 ሊጫወት ከፈለገ ጉልበቱን ወደ ጎን ገፍቶ እስከ መጨረሻው መያዝ አለበት። ሥራው ለቀኝ ጉልበት የተሰጠ ከሆነ፣ ቀኝ እግር የድምፅ መጠን የሚቆጣጠረውን ፔዳል እየረገጠ ጉልበቱ ግን ወደ ጎን እንደ ተገፋ ይቀራል። ለዚህ ነው መቀርቀሪያው የተበጀው። አሠራሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ቢለያይም ሐሳቡ የበር መቀርቀሪያ ነው፤ ዘንጉ እስከ ጫፍ ከተገፋ በኋላ አንዲት ብረት ከኋላው ትገባና ስፕሪንጉ እንዳይመልሰው ትከለክላለች። ጉልበቱ ነፃ ይወጣል፤ ጊታሩ ሌላ ጊታር ይሆናል። ጉልበቱ ለቅቆ ዘንጉ በመቀርቀሪያው ላይ ሲያርፍ በፀጉር ታህል ወደ ኋላ ከተመለሰ አውታሮቹም በዚያው ልክ ከፍ ይላሉ፤ ስለዚህ ብሎኖቹ መስተካከል ያለባቸው ጉልበት ገፍቶ ሳይሆን መቀርቀሪያው ይዞ ሳለ ነው።

የሚገርመው፣ ብዙ የዩኒቨርሳል ጊታር ተጫዋቾች ይህን ብልሃት አይፈልጉትም። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ዘንጉ ካልተቀረቀረ፣ በቢ6 መሐል ጉልበትን ለቀቅ ማድረግ ራሱ ሙዚቃ ነው፤ ዲ ሻርፑ ወደ ኢ ሲነሣ ኮርዱ ይንቀሳቀሳል። መቀርቀሪያው ይህን እንቅስቃሴ ይገድለዋል። በእነርሱ አመለካከት ዩኒቨርሳሉ በአንድ ሳጥን የታሰሩ ሁለት ጊታሮች አይደለም፤ አንድ ሰፊ ቅኝት ነው፣ መቀርቀሪያውም አንዱን መልሶ ሁለት ያደርገዋል። በአጭሩ መቀርቀሪያ እንቅስቃሴን ወደ ሁኔታ ይለውጣል።

ለስቲል ጊታር እንደ ጉድለት የሚቆጠረው ይኸው ባሕርይ ግን ለክራር የጠፋው መድኃኒት ነው። ቅኝት በእኛ ዘንድ አላፊ ኮርድ አይደለም፤ ገብተው የሚቆዩበት ቤት ነው። ባቲ የጀመረ ዘፈን በባቲ ይውላል። በሌላም በኩል ክራር ደርዳሪ ነፃ ጉልበት የለውም፤ ክራሩ ጭኑ ላይ ነው፣ ቀኝ እጁ ይገርፋል፣ ግራ እጁ ክሮቹን እያፈነ ይለቅቃል። ተገፍቶ የሚያዝ ዘንግ ለእርሱ ምንም አይፈይድም። የሚፈልገው በዘፈን መሐል አንድ ጊዜ በጣት ተነክቶ በቦታው የሚጸና ነገር ነው።

ምን ያህል ያስፈልገው ይሆን? ስሌቱን በወረቀት መሥራት ይቻላል። ባለ ስድስት ክር ክራር በትዝታ ሜጀር ተቃኝቶ ከሲ ቢነሣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ እና የላይኛው ሲ ይሆናል (እዚህ ላይ ተራ ቁጥሩ የድምፁን ከፍታ እንጂ ክሩ በቀንበሩ ላይ ያለበትን ቦታ አያመለክትም)። ቅኝቶቹ በመማሪያ መጻሕፍት ዘወትር በሚጻፉበት መንገድ ከተወሰዱ፣ ወደ ትዝታ ማይነር ለመሄድ ሦስተኛውና አምስተኛው ክር በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ፤ ሌላ ምንም አይነካም። ለአምባሰል ሁለተኛውና አምስተኛው ይወርዳሉ፣ ሦስተኛው ይወጣል። ለባቲ ማይነር ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ሁሉም በግማሽ ድምፅ ይወጣሉ። ለአንቺሆዬ ሁለተኛው ይወርዳል፣ ሦስተኛው ይወጣል፣ አራተኛውም ይወርዳል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ባቲ ሜጀር ብቻ ነው፤ እርሱ ከሁለት ክሮች ሙሉ ድምፅ ይጠይቃል። ቀሪው ሁሉ በሰባት መቀርቀሪያዎች ያልቃል፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አምስተኛ ክሮች አንዳንድ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አራተኛው አንድ ወደ ታች። አንደኛውና ስድስተኛው ፈጽሞ አይንቀሳቀሱም።

ይህ ስሌት የአንቺሆዬን ዕጣ ፈንታም ያስረዳል። አራተኛውን ክር የሚነካ ቅኝት እርስዋ ብቻ ናት። ይህ ክር ከመነሻው ድምፅ ጋር የሚፈጥረው ርቀት ሰው በጆሮው በቀላሉ የሚያረጋግጠው፣ ሌሎቹን ለመቃኘትም የሚደገፍበት ነው። በሌሎቹ ቅኝቶች ደርዳሪው ክሮቹን ሲለዋውጥ ይህ ምሰሶ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በአንቺሆዬ ምሰሶው ራሱ ይነቀላል። ጫጫታ በሞላበት አዳራሽ፣ ሰው እየጠበቀ፣ ያንን ክር በትክክል አውርዶ ማስቀመጥ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ይታለፋል። አንቺሆዬ የምትተወው ታዳሚ ስለ ጠላት አይደለም።

ክራርን የማሻሻል ሐሳብ አዲስ አይደለም። አንዳንድ ክራሮች ዛሬ በእንጨት መቃኛ ፋንታ የጊታር ብሎን ተገጥሞላቸዋል፤ ይህ ክሩን በቦታው ያጸናል፣ ቅኝት መቀየርን ግን አያፋጥንም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ የራድክሊፍ ተቋም በነበረበት ጊዜ፣ ከዚያም በኤም.አይ.ቲ.፣ የኢትዮጵያን መሣሪያዎች የማዘመን ጉዳይ ላይ ሠርቷል፤ ክራሩ ከአምስቱ ድምፆች አጥር እንዲወጣ ማድረግም የሐሳቡ አካል ነበር። ለጃዝ አቀናባሪ ይህ ትክክለኛ ፍላጎት ነው፤ ሙላቱ ያለ አሥራ ሁለቱ ድምፆች ሙላቱ ባልሆነ ነበር። ነገር ግን የአቀናባሪው ፍላጎትና የመሣሪያው ጉድለት አንድ አይደሉም። ክራር የጎደለው ድምፆቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ መያዝ አይደለም፤ ያንን ኪቦርዱ አለው፣ ክራሩንም ከመድረክ ያፈናቀለው በዚሁ ነው። የጎደለው ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው ፈጥኖ ተሻግሮ እዚያ መቆየት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ሌላ ነው። ዘንግና መቀርቀሪያ ልኩን አስቀድሞ ይወስናል፤ የክራር ግማሽ ድምፅ ግን የፒያኖ ግማሽ ድምፅ አይደለም። ደርዳሪው ሦስተኛውን ክር ለትዝታ ማይነር ሲያወርድ የሚያቆመው ድምፃዊው በሚፈልገው ቦታ ነው፣ ቦታውም ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል። ተቃውሞው ትክክል የሚሆነው ልኩ በፋብሪካ ከተወሰነ ብቻ ነው። የናይለኗ ብሎን የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው፤ በስቲል ጊታር ላይ መሣሪያው ይስባል፣ የት እንደሚቆም የሚወስነው ግን ጆሮ ነው፤ ብዙ ተጫዋቾችም ብሎናቸውን ከፒያኖው ልክ አውጥተው እንደሚጣፍጣቸው ያስተካክላሉ። ከዚህ ይልቅ ለክራር የሚቀርበው ምሳሌ ደግሞ የቱርክና የዓረብ ቃኑን ነው። በቃኑን አውታሮች ጫፍ ሥር ማንዳል የሚባሉ ጥቃቅን የብረት መቀርቀሪያዎች ተደርድረዋል፤ ተጫዋቹ በግራ እጁ ጣት እያነሣና እየጣለ፣ በቱርኩ ቃኑን ላይ ከግማሽ ድምፅ በጣም ያነሱ ልዩነቶችን ሳይቀር ያገኛል። ጉልበት የለም፣ ሽቦ የለም፣ የሚከብድ ነገር የለም። ስለ ክራር ማሻሻል የሚታሰብ ከሆነ፣ ከናሽቪል ይልቅ ወደ ኢስታንቡል መመልከቱ ይበልጣል። ከናሽቪል የሚወሰደው ብረቱ ሳይሆን ክርክሩ ነው።

ብረቱ ቢወሰድ እንኳ ቀላል አይሆንም። አንድ ክር በግማሽ ድምፅ ሲወርድ ውጥረቱ በ11 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስቲል ጊታር በወፍራም እንጨትና በብረት የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ፔዳል ሲረገጥ ሣጥኑ በጥቂቱ ይጎብጥና ያልተነኩት አውታሮች ሳይቀሩ ዝቅ ይላሉ፤ ሠሪዎቹ ይህን ለማሸነፍ ብዙ ደክመዋል። ክራር ደግሞ በቆዳ ላይ የቆመ በርኩማና በሁለት ቀጫጭን ምሰሶዎች የተያዘ ቀንበር ነው። ሦስት ክሮች ባንድ ጊዜ ሲላሉ ወይም ሲጠብቁ የቀሩት ሦስቱ በነበሩበት አይገኙም። ቆዳውም የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፤ ቡኮቶ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድ የተቃኘው ክራር ማታ ሌላ ክራር ነው። በእጅ የሚቃኝ ሰው ይህን ሁሉ ሳያስበው ባንድ ጊዜ ያርመዋል፤ መቀርቀሪያ ያለው ክራር የያዘ ሰው ግን ስድስቱን መቃኛዎች ካስተካከለ በኋላ ሰባቱንም ብሎኖች አንድ በአንድ እያዳመጠ መፈተሽ ይኖርበታል፤ አዳራሹ ሳይሞላ፣ በጸጥታ፣ አራተኛውን ክር አስቀድሞ።